ፋኑ ይዞራል፣ ሙቀት ግን የለም፦ የ1986 ሞተርሆም ማሞቂያን በተመለከተ ለቀረበ ጥያቄ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። በፎርድ ኢ-350 ሻሲ ላይ የተሠራ የ1986 ሞተርሆም (መኖሪያ ክፍል ያለው መኪና) ገዝቻለሁ። ከኋላ ያለው የጋዝ ማሞቂያ ፋኑ ይነሳል፤ የሚወጣው አየር ግን ቀዝቃዛ ነው። ግቢ ውስጥ መብራት ስሰካለት ከሦስት አንዴ ይሞቃል። ተራራ ላይ በባትሪ ሳሳድረው ግን ፋኑ ይዝላል፣ ድምፁም ይወርዳል። አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይነሳም፤ የሚነሳው ሽፋኑን በቡጢ ስመታው ነው። አንድ መካኒክ ‹ሞተሩ አልቋል› ስላለኝ አዲስ የፋን ሞተር ገዝቻለሁ፤ ገና አላስገባሁትም። አንድ ወዳጄ ደግሞ ‹የነፋስ ስዊቿን በሽቦ አገናኛት፣ ወዲያው ይሞቅልሃል› ይለኛል። ልጆቹን ይዤ ልወጣ ነው፤ የቱን ልስማ?»

ሁለቱንም አይስሙ። አዲሱን ሞተር ከካርቶኑ ሳያወጡ ያስቀምጡት፤ ስዊቿን በሽቦ የማገናኘቱን ነገር ደግሞ ከነጭራሹ ይተዉት። የዘረዘሯቸው ምልክቶች አንድ ላይ ሲታዩ የሚያመለክቱት የፋኑን ሞተር ሳይሆን ለሞተሩ የሚደርሰውን ኤሌክትሪክ ነው። መብራት ሲሰካ የሚሻለው፣ በባትሪ ሲሆን የሚዝለው ፋን፣ መንገድ ላይ ቮልቴጅ የሚበላ አሮጌ ሽቦ፣ የዛገ ማሳ (ኔጌቲቩ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰርበት) ወይም የደከመ ባትሪ አለበት። ሞተሩ ራሱ ያለቀ ቢሆን ኖሮ መብራት ተሰካም አልተሰካም ያው በሆነ ነበር። በቡጢ መነሳቱ ለብቻው የሚታይ ነገር ነው፤ እመለስበታለሁ።

አስቀድሞ መጥራት ያለበት አንድ ነገር አለ። እንዲህ ባለ መኪና ውስጥ ሁለት ማሞቂያዎች አሉ፤ አንዱ ከሌላው ጋር ምንም አይገናኝም። ከዳሽቦርዱ የሚወጣው ሙቀት ከራዲያተሩ ውሃ የሚገኝ ነው። የእሱ ፋን በከፍተኛው ፍጥነት ብቻ ሠርቶ በዝቅተኞቹ እንቢ ካለ ችግሩ ብዙ ጊዜ ፍጥነት የሚቀንሰው ሬዚስተር ነው፤ ጥገናውም ቀላል ነው። ከኋላ ያለው፣ ሰው ፈርነስ የሚለው፣ ፕሮፔን የሚያቃጥል ሌላ ማሽን ነው። የመኪና መካኒክ ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ነው። «ሞተሩ አልቋል» ለማለት ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዞ የለካው ቁጥር ሊኖረው ይገባ ነበር፤ እርስዎ በጻፉት ውስጥ ግን አንድም ቁጥር አላየሁም።

በአሜሪካ ሞተርሆሞች ውስጥ በብዛት የሚገኙት የሰበርባን እና የአትውድ ፈርነሶች ናቸው። በሞዴል ቢለያዩም መሠረታዊ አሠራራቸው አንድ ነው። መሀል ላይ ጋዙ የሚነድበት ዝግ የላሜራ ጓዳ አለ። አንድ ባለ 12 ቮልት ሞተር በአንድ ዘንግ ላይ የተሰኩ ሁለት የፋን ጎማዎችን (ክንፍ ያላቸው መንኮራኩሮች) ያዞራል። ትልቁ ጎማ የክፍሉን አየር ስቦ በጓዳው ዙሪያ ያሳልፈዋል፤ አየሩ ሞቆ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ትንሹ ጎማ ከውጭ አየር ስቦ ለእሳቱ ያቀብላል፣ የተቃጠለውንም ጋዝ በግድግዳው ላይ ባለው ቱቦ ወደ ውጭ ይገፋል። ሁለቱ አየሮች በላሜራው ተለያይተው ነው የሚሄዱት፤ ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም። አንዱ ሞተር ሁለቱንም ሥራ እንደሚሠራ ልብ ይበሉ፤ ፋኑ ሲዝል ክፍሉ መብረዱ ብቻ ሳይሆን እሳቱም አየር ያጣል።

ቅደም ተከተሉም እንዲህ ነው። የክፍሉን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ሙቀት ሲጠይቅ በዚያ ዘመን ማሽኖች ውስጥ ያለው አዘግይ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ኤሌክትሪክ ያገኛል። ይህ ሪሌይ በውስጡ በትንሽ ሙቀት የሚጣመም ብረት ስላለው ወዲያው አይገናኝም፤ ሃያ ሰከንድ ገደማ ቆይቶ ነው ለሞተሩ መስመር የሚከፍተው። ፋኑ ተነስቶ ፍጥነት ሲይዝ የሚነፋው አየር አንዲት ስስ ላሜራ ይገፋል፤ ወዳጅዎ የነፋስ ስዊች ያላት እሷን ነው። ፋኑ ሙሉ ፍጥነቱን ሦስት አራተኛ ያህል ካልደረሰ ስዊቿ አትዘጋም፣ ማለትም መስመሩን አታገናኝም። ከእሷ ቀጥሎ ጓዳው ከመጠን በላይ ሲግል መስመር የሚቆርጥ የሙቀት ስዊች አለ። ሁለቱም ከተዘጉ ኤሌክትሪኩ ወደ ማቀጣጠያው ቦርድ ይደርሳል። ቦርዱ አሮጌው አየር እስኪወጣ ጥቂት ሰከንዶች ይጠብቅና የጋዙን ቫልቭ ከፍቶ ለሰባት ሰከንድ ያህል ብልጭታ ይሰጣል። እሳት ካላየ ጋዙን ይዘጋል። ፋኑ ግን ቴርሞስታቱ እየጠየቀ እስካለ ድረስ ቀዝቃዛ አየር መንፋቱን ይቀጥላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጆሮዎን ይጠቀሙ። ፋኑ ከተነሳ በኋላ ወደ ማሽኑ ጠጋ ብለው አንድ ደቂቃ ያዳምጡ። የቫልቩ «ጠቅ» ማለትና የብልጭታው «ጢቅ ጢቅ ጢቅ» ከተሰማ ነፋሱ በቂ ነው ማለት ነው፤ ችግሩ ከጋዝ፣ ብልጭታ ከሚሰጠው ኤሌክትሮድ ወይም ከቦርዱ በኩል ነው። ከፋኑ ጩኸት በቀር ምንም ካልተሰማ ግን ቦርዱ ገና ኤሌክትሪክ አላገኘም። የእርስዎ ሁኔታ ይህኛው ይመስለኛል፦ ፋኑ ስለዛለ ስዊቿ አልተዘጋችም። ተራራ ላይ የሚብስበት ተጨማሪ ምክንያትም አለ። በ3,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ሳስቶ የሚነፍስ አየር ያችን ላሜራ የሚገፋበት ጉልበት ይቀንሳል። አውሮራ ላይ በጭንቅ የምትዘጋ ስዊች እዚያ ላይ አትዘጋም።

አሁን ወደ ወዳጅዎ ምክር ልምጣ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ለስላሳ መሆን አልችልም። ስዊቿን በሽቦ ካገናኟት ማሽኑ በእርግጥ ይቀጣጠላል። ነገር ግን እሳቱ በቂ አየር ሳያገኝ ይነዳል፣ ጥቀርሻ ያመርታል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም ያመነጫል፤ ጭሱን ወደ ውጭ የሚገፋው ጉልበትም የለም። አርባ ዓመት ገደማ የሆነው ጓዳ ስንጥቅ ካለው ያ ጋዝ ልጆቹ ወደተኙበት ክፍል ይገባል። ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት ምን እንደሚያደርስ አገራችን ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ይህም ያው ነው፣ እንዲያውም ሽታ እንኳ የለውም። ስዊቿን ለሁለት ደቂቃ ለምርመራ ማገናኘትም ለባለሙያ የሚተው ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ረስቶ መተው አለ። ስዊቿ ራሷ ከተጠረጠረች በቴስተር መለካት ይቻላል፦ ሽቦዎቿን ነቅለው ላሜራዋን በጣት ሲገፉ ኦሙ (ለኤሌክትሪክ ያላት መቋቋም) ወደ ዜሮ መውረድ፣ ሲለቁ መቆረጥ አለበት። ጸጉር ወይም የምንጣፍ ብናኝ ተጠምጥሞባት ከሆነ ያጽዱት። ከተጣመመች ወይም ኦሟ ከዋዠቀ አዲስ ይግዙ፤ ርካሽ ዕቃ ናት።

ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። አንድ ዲጂታል ቴስተር፣ ሰባት ሜትር ያህል ቀጭን ሽቦና ግማሽ ቀን ያስፈልግዎታል። መብራቱን ይንቀሉ፣ የመኪናውን ሞተር ያጥፉ፤ ባትሪው ለጥቂት ሰዓታት ምንም ሳይሠራ ይቆይ። ከዚያ በባትሪው ሁለት ምሰሶዎች ላይ ይለኩ። 12.6 ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ ነው፣ 12.0 ሩብ ቀርቶታል ማለት ነው። ከ12.4 በታች ከሆነ መጀመሪያ ቻርጅ ያድርጉት፤ በጎዶሎ ባትሪ የሚወሰድ ልኬት ያሳስታል።

ቀጥሎ ቴርሞስታቱን ከፍ አድርገው ፋኑ እየዞረ ሳለ እንደገና በባትሪው ላይ፣ ከዚያም የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ ወደ ፈርነሱ በሚገቡበት ቦታ ላይ ይለኩ። «እየዞረ ሳለ» ያልኩት በምክንያት ነው። ብዙ ሰው ፋኑ ቆሞ ሳለ ፈርነሱ ላይ 12.6 አይቶ «ሽቦው ጤነኛ ነው» ይላል። ቴስተሩ የሚስበው ኤሌክትሪክ ኢምንት ስለሆነ ከሃያ የመዳብ ክሮች አስራ ዘጠኙ የተበጠሱበት ሽቦም ቢሆን ሙሉ ቮልቴጅ ያሳያል። ስምንት አምፔር ሲጫንበት ነው ጉዱ የሚታየው። ባትሪው ላይ 12.3፣ ፈርነሱ ላይ 10.4 ካገኙ መንገድ ላይ 1.9 ቮልት ጠፍቷል ማለት ነው፤ በዚያ ቮልቴጅ ፋኑ ስዊቿን ለመዝጋት የሚያበቃ ፍጥነት አይኖረውም። ፈርነሱ ላይ ሁልጊዜ ከ10.5 በላይ መገኘት አለበት፤ እኔ ግን በሙሉ ባትሪ ከ11.5 በታች ካየሁ አልቀበልም። ሌሊቱ ሲገፋ ባትሪው ስለሚወርድ ያንን መጠባበቂያ ከአሁኑ መያዝ ያስፈልጋል።

ጉድለቱ በፖዘቲቩ በኩል ይሁን በማሳው ለማወቅ ረጅሙን ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ ምሰሶ ጋር ያገናኙና ሌላውን ጫፍ ይዘው ወደ ፈርነሱ ይሂዱ። በዚያ ጫፍና በፈርነሱ ፖዘቲቭ ሽቦ መካከል፣ ፋኑ እየዞረ፣ ይለኩ። የሚያዩት ቁጥር በፖዘቲቩ መንገድ የጠፋው ቮልቴጅ ነው። ያንኑ ለኔጌቲቩ ይድገሙ። በያንዳንዱ በኩል 0.3 ቮልት ድረስ ይታለፋል። ከዚያ በላይ ከሆነ መስመሩን እየከፋፈሉ መለካት ነው፦ ከባትሪ እስከ ፊውዝ ሳጥን፣ በፊውዙ ላይ፣ ከፊውዝ እስከ ፈርነስ። ቮልቴጁ የሚዘልበት ቦታ ላይ ጥፋተኛውን ያገኙታል።

ይህ የሽቦ ነገር ሰውን የማያሳምነው ጥፋቱ በዓይን ስለማይታይ ነው፤ ስለዚህ በቁጥር ላሳይ። በአሜሪካ ቁጥር 14 የሚባለው ሽቦ በሜትር 0.0083 ኦም ያህል አለው። ፈርነሱ ከባትሪው ስድስት ሜትር ቢርቅ ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ መንገዱ 12 ሜትር፣ ኦሙም 0.1 ይሆናል። ስምንት አምፔር ሲያልፍበት 0.8 ቮልት ይጠፋል፤ ሽቦው አዲስ ሆኖ እንኳ ማለት ነው። ከዚህ ላይ ሌላ 0.1 ኦም ያለው አንድ የዛገ መገናኛ ከተጨመረ 1.6 ቮልት ሄደ። ያ መገናኛ ስድስት ዋት ተኩል ያህል ሙቀት በአንዲት ነጥብ ላይ ያመነጫል፤ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ፣ አንዳንዴም ቀልጦ የሚያገኙት ለዚህ ነው። ከእሱ በሚወፍረው በቁጥር 10 ሽቦ ቢተካ ያው 12 ሜትር የሚያጠፋው 0.3 ቮልት ብቻ ነው።

በዚያ ዘመን መኪና ላይ በመጀመሪያ የምፈትሻቸው ቦታዎች አራት ናቸው። የባትሪው ምሰሶና ካፑ፣ በተለይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዘ። ከባትሪው ወደ ሻሲው የሚሄደው ማሳ፦ ቡሎኑ የታሰረበት ላሜራ ቀለምና ዝገት ካለው ተፈትቶ እስኪያበራ ይፋቅ፣ ባለ ጥርስ ሮንዴላ ገብቶበት ይጠበቅ፣ ከላይ ግራሶ ይቀባ። ሦስተኛው የመስታወት ፊውዞቹ የሚቀመጡበት መቆንጠጫ ነው፤ እነዚህ ቀጫጭን የመዳብ ምላሶች በጊዜ ብዛት ይላላሉ፣ ይጠቁራሉ። ፊውዙን አውጥተው መቆንጠጫውን በጥሩ አሸዋ ወረቀት ያጽዱ፣ በፒንሳ ቀስ ብለው ያጥብቁት።

አራተኛው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው፤ የእርስዎ ጥፋት እዚያ ቢገኝ አይገርመኝም። የድሮዎቹ 110 ቮልትን ወደ 12 የሚለውጡ ኮንቨርተሮች ብዙዎቹ በውስጣቸው ሪሌይ አላቸው። መብራት ሲሰካ ሪሌዩ የመኖሪያ ክፍሉን መስመሮች ከኮንቨርተሩ ጋር ያገናኛል፤ ሲነቀል ወደ ባትሪው ይመልሳቸዋል። በባትሪ በኩል ያለው የሪሌዩ ጥርስ (መስመሩን የሚያነካካው ብረት) ከተቃጠለ መብራት ሲሰካ ሁሉ ነገር ደህና ይሆንና በባትሪ ሲሆን ይዝላል፤ ልክ እርስዎ እንደጻፉት። በባትሪውና በፊውዝ ሳጥኑ መግቢያ መካከል፣ ፋኑ እየዞረ፣ ከ0.3 በላይ ከጠፋ ይህንን ይጠርጥሩ። እነዚህ ኮንቨርተሮች ባትሪውን የሚሞሉትም በጥቂት አምፔር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ባትሪውም ሁልጊዜ ጎዶሎ ሆኖ ያድራል። ሪሌዩን ከመጠገን ሙሉ ኮንቨርተሩን ባለ ሦስት ደረጃ ቻርጅ በሚያደርግ አዲስ መተካት ይሻላል፤ አንድ ሥራ ሁለት ችግር ይፈታል። የ110 ቮልቱን በኩል የማያውቁት ከሆነ ግን አይንኩት።

ሽቦውን ሲቀይሩ ክረ ብዙ የሆነ ቁጥር 10 ሽቦ ይጠቀሙ። ለቤት ግድግዳ የሚገባው አንድ ወጥ ሽቦ በመኪና ንዝረት ይሰበራል። መገናኛዎቹ በመጭመቂያ መሣሪያ በደንብ የተጨመቁና ሙቀት ሲነካው በሚኮማተር ሽፋን የተሸፈኑ ይሁኑ፤ በቴፕ ብቻ የተጠቀለለ ነገር አይቀበሉ። ማሳውንም አብረው እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ድረስ በሽቦ ይውሰዱት እንጂ በአቅራቢያ ባገኙት ላሜራ ላይ አይሰሩት። ፊውዙ ደግሞ ማሽኑ ላይ ከተጻፈው በፍጹም አይብለጥ። ፊውዝ የሚቃጠልበት ሰው «ትልቅ ላግባበት» ሲል ሽቦውን ራሱን ፊውዝ እያደረገው ነው፤ ያ ሽቦ ደግሞ በእንጨትና በስፖንጅ መሀል ነው የሚያልፈው።

አሁን በቡጢ ስለሚነሳው ነገር። ይህ ምልክት ሁለት ትርጉም አለው፤ ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ልኬት ነው። በማይነሳበት ቀን ሳይመቱት ቴርሞስታቱን ከፍ አድርገው አንድ ደቂቃ ይጠብቁና በሞተሩ ሁለት ሽቦዎች ላይ ይለኩ። 12 ቮልት አካባቢ እያለ የማይዞር ከሆነ ጥፋቱ በሞተሩ ነው፦ ካርቦኑ (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ቁራጭ) አልቋል ወይም ካርቦኑ የሚነካው ኮሙቴተር በአንድ ቦታ ሞቷል። ምንም ቮልቴጅ ከሌለ ግን ሞተሩ ንጹሕ ነው፤ አዘግዩ ሪሌይ፣ ቴርሞስታቱ ወይም ከዚያ በፊት ያለ መገናኛ ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚያስቸግረው ሪሌዩ ነው፤ ጥርሶቹ በየክረምቱ ሲከፍቱና ሲዘጉ ይቃጠላሉ፣ ምት ሲደርስባቸው ይነካካሉ። ፋኑ እየዞረ በሪሌዩ ሁለት ትልልቅ ጫፎች መካከል ሲለኩ ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ይቀይሩት። እግረ መንገዴን ልንገርዎ፦ ቴርሞስታቱ ከጠፋ በኋላ ፋኑ አንድ ሁለት ደቂቃ መዞሩ ብልሽት አይደለም፣ ጓዳውን እያቀዘቀዘ ነው። ጨርሶ አልቆምም ካለ ነው የሪሌዩ ጥርስ የተጣበቀው።

ሞተሩን ፍርድ ለመስጠት ከመስመሩ ለይተው ይፈትኑት። ሁለቱን ሽቦዎቹን ነቅለው፣ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ባለው ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከሙሉ ባትሪ ጋር ያገናኙት። በኃይል ተነስቶ በእኩል ድምፅ ከዞረ ገንዘብዎን መልሱልኝ ማለት ይችላሉ፤ አሮጌው ሞተር ደህና ነው። አምፔሩን ከስም ሰሌዳው ጋር ያስተያዩ። ቀስ ብሎ እየዞረ ከተጻፈው በላይ የሚስብ ከሆነ ቦኮላው (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ደርቆ ዘንጉን ይዞታል። ቀስ ብሎ እየዞረ ዝቅተኛ አምፔር የሚስብ ከሆነ ካርቦኑ አልቋል። ኃይል ሳይኖረው ጎማውን በጣት ሲያሽከረክሩት ጥቂት ዙር ራሱ መዞር አለበት፤ ወዲያው ከቆመ ተይዟል። በብርድ ማለዳ ሲነሳ የሚጮህና ሲሞቅ የሚተው ሞተርም ቦኮላው የደረቀ ነው። ሁለት ሦስት ጠብታ ቀጭን የሞተር ዘይት በዘንጉ ላይ ማድረግ ለአንድ ጉዞ ያደርሳል፤ ዝገት የሚያላቅቀው የቆርቆሮ ስፕሬይ ግን የነበረውን ዘይት አጥቦ ስለሚያወጣው አይጠቀሙበት።

አዲሱ ሞተር በመጨረሻ የሚያስፈልግ ሆኖ ከተገኘ ሁለት ስሕተቶችን ይጠንቀቁ። አንደኛው ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ማገላበጥ ነው። ሞተሩ በተቃራኒው ይዞራል፤ አታላዩ ነገር አየር አሁንም በዚያው አቅጣጫ መውጣቱ ነው፣ በጣም ደክሞ ግን። ስለዚህ «አዲስ ሞተር አስገብቼም አልሞቀም» የሚሉ ሰዎች ጉዳይ ብዙ ጊዜ በዚህ ያበቃል። ሁለተኛው የፋን ጎማዎቹን ከማውጣትዎ በፊት በዘንጉ ላይ ያሉበትን ቦታና የክንፎቻቸውን አቅጣጫ አለማስመር ነው። ጎማው ጥቂት ሚሊሜትር ተስቶ ከተሰካ ላሜራውን ይፈጫል።

የአየሩ መንገድም ይታይ። መመለሻው ወንፊት በሣጥን ተከድኖ ይሆን? ከአልጋ ሥር የሚያልፈው ተጣጣፊ ቱቦ ተረግጦ ይሆን? ለዚህ ጥሩ ምልክት አለ፦ አየር የታፈነበት ፋን ሸክሙ ስለሚቀልለት ድምፁ ይቀጥናል፣ ይፈጥናል፣ የሚስበው አምፔርም ይቀንሳል። ቮልቴጅ ያነሰው ግን ድምፁ ይወርዳል። የእርስዎ ይወርዳል ስላሉ እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ሙቀት ለመቆጠብ ብሎ ሁለት ሦስት መውጫዎችን መዝጋት ግን መተው ያለበት ልማድ ነው፤ ጓዳው ይግልና የሙቀት ስዊቹ ይቆርጣል።

የጋዙን በኩል በአጭሩ ላንሳ። ምድጃው በሰማያዊና በተረጋጋ ነበልባል ከነደደ ጋዝ ወደ መኪናው እየደረሰ ነው። ትክክለኛው ግፊት የውሃ 11 ኢንች፣ ማለትም 28 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ መለኪያ ያለው ባለሙያ ይለካው። የጋዙ ሽታ ሸረሪቶችንና ተርቦችን ስለሚስብ በውጭ ያለው የጭስ ቱቦ በጭቃ ወይም በድር ተደፍኖ ሊገኝ ይችላል፤ በባትሪ መብራት ይመልከቱ። ቫልቩን ከፍቶ መጠገን፣ የጋዙን ቀዳዳ ማስፋት የሚባል ነገር የለም። ምድጃውንም ቢሆን እንደ ማሞቂያ አይጠቀሙበት።

ባትሪውስ ሌሊቱን ይችላል? ስምንት አምፔር የሚስብ ፋን አሥር ሰዓት በሚረዝም ሌሊት ግማሹን ጊዜ ቢዞር 40 አምፔር ሰዓት ይበላል። በነዚህ መኪኖች ላይ የሚገኘው አንድ መካከለኛ ባትሪ 80 አምፔር ሰዓት ገደማ ነው፤ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ነው። በብርድ ደግሞ ይህም ይቀንሳል፤ በዜሮ ፋራናይት አካባቢ ግማሽ ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ሽቦው ሁሉ ቢታደስ እንኳ አንድ ባትሪ የተራራ ሌሊት አያሳድርም። ሁለት ባለ 6 ቮልት የጎልፍ ጋሪ ባትሪዎች በተከታታይ ቢገናኙ 220 አምፔር ሰዓት ያህል ይሰጣሉ፤ ለእርስዎ አጠቃቀም የምመክረው እነሱን ነው።

ቁርጥ ያለው ምክሬ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ልኬቶቹን ይውሰዱ። መጀመሪያ ማሳውን፣ የፊውዙን መቆንጠጫ፣ ኮንቨርተሩንና ሽቦውን ያድሱ፤ ባትሪውን ይቀይሩ። ከዚያ ፈርነሱ ይውጣ፦ ባትሪው ተነቅሎ፣ የታንኩ ቫልቭ ተዘግቶ፣ የጋዙ መገናኛ በሁለት ቺያቤ ተይዞ ተፈትቶ። አዘግዩ ሪሌይና የነፋስ ስዊቿ በአዲስ ይተኩ፣ ጎማዎቹ ይጽዱ። ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ሳለ ጓዳው ጨለማ ክፍል ውስጥ በውስጡ መብራት ተደርጎ ይታይ። ከብየዳው መስመርና ከማጠፊያዎቹ የብርሃን ክር ካየን፣ ወይም ላሜራው በካቻቢቴ ሲነካ የሚበሳ ከሆነ፣ ጥገናው እዚያው ያበቃል። ጓዳ አይበየድም፣ በማጣበቂያም አይደፈንም፤ ፈርነሱ ይጣላል፣ አዲስ ይገዛል። ከዚያ በፊት ለሞተር፣ ለቦርድና ለቫልቭ ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ወጪ ነው፤ ሞተሩን ከካርቶኑ እንዳያወጡ ያልኩትም ለዚህ ነው።

ሲመለስ የአየር ማሸጊያዎቹ ሁሉ አዲስ ይሁኑ፣ የጭስ ቱቦው እስከ መጨረሻው ይግባ፣ የጋዙ መገናኛ በሳሙና ውሃ ይፈተሽ፤ አንዲት አረፋ ካበጠች እንደገና ይጠበቅ። ልጆቹ ከመሳፈራቸው በፊት አንድ ሌሊት ግቢዎ ውስጥ፣ መብራት ሳይሰኩ፣ ሰው ሳይተኛበት ያሠሩት። በመኝታው አጠገብ አዲስ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ፣ ከወለሉ አጠገብ ደግሞ የፕሮፔን ማንቂያ ይሰቀል፤ ፕሮፔን ከአየር ይከብዳልና። ከመኪናው ጋር የመጡት አሮጌ ማንቂያዎች ቁልፋቸው ሲጫን ቢጮሁም የማሽተት ዕድሜያቸው ካለፈ ቆይቷል፤ ጀርባቸው ላይ የተጻፈውን ቀን ይመልከቱ። ጠዋት ላይ ፋኑ እየዞረ ፈርነሱ ላይ ይለኩ፦ ከ11 ቮልት በላይ ካገኙና ማንቂያዎቹ ዝም ካሉ ይሂዱ። ከዚያ በታች ከሆነ ጉዞው ይቆይ።